በዙሃራ ቤት የቆመው ውሃ

ጀማለዲን የወሎ ልጅ ነው፤ ሥራው ቧንቧ ማቀዝቀዝ። አትሳቁ! ሜልበርን ውስጥ በዚህም እንጀራ ይበላል። ችግሩ፣ በፈረንጆቹ ናይንቲ ሲክስ ኒስሪንን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ እናቷ ዙሃራም እንደናንተው ሳቀች። በዚያች ቀጭን ድምጿ፦ "ኧረ ወዲያ! እኛ አገር ውሃ እንዲመጣ ዱዓ ይደረጋል፤ እሱ የመጣውን ያቆማል? ልጄን ለበረዶ ሻጭ አልሰጥም!"

ሽማግሌው ጋሼ አብዱልራህማን ግን ዋዛ አይደሉም፤ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ገና አረፍ ሳይሉ በሩ ተንኳኳ። ራሱ ጀማለዲን! የሥራ ቱታ ለብሶ፣ የወተት ጋን የመሰለ ብረት እየገፋ።

"እትዬ፣ ቤቱን የሚያከራያችሁ ሀውሲንግ ነው የላከኝ። የኪችኑ ቧንቧ መዝጊያ ሊቀየር ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ዙሃራ የምትኖርበት የፍሌሚንግተን ፍላት ሃያ ፎቅ ነው። ያን መዝጊያ ለመቀየር የሁሉም ውሃ ቢዘጋ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ዙሃራን ሲረግም ይውላል። ጀማለዲን ግን ቧንቧውን ይጠቀልልና ከጋኑ ከበረዶ የባሰ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያፈስበታል፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ እንደ ቡሽ ይወተፋል፤ ከዚያ ወዲያ እንደልብ መፍታት ነው። ብቻ ውሃው መንቀሳቀስ የለበትም።

ጋዙ እንዳያፍናቸው መስኮት አስከፈተ። በጁላይ ብርድ!

"ቧንቧዬን ነው እኔን የሚያቀዘቅዘው?" ዙሃራ ብርድ ልብስ ተከናነበች።

ነጭ ጉም ወለሉን ሞላው፤ በረዶው ግን አልይዝ አለ። ጀማለዲን ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈ። ውሃው ይሄዳል!

"ማነው የከፈተው?"

ኒስሪን በዓይኗ ሻወር ቤቱን አሳየችው። ጋሼ ለሶላት ሊታጠቡ ገብተው ውዱ እያደረጉ ነው። የሳቸው ውዱ ደግሞ፣ ቀኝ እግራቸውን አጥበው ወደ ግራው እስኪዞሩ ባቡሩ ፉትስክሬይ ደርሶ ይመለሳል።

የላኩትን ሽማግሌ በምን አፍ ያስቆሟል? በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ። ኋላ ጮኸ፦ "ጋሼ፣ ይዝጉት! ወላሂ ይዝጉት!"

ጋሼ አንድ እግራቸው እየተንጠባጠበ ወጡ። "እኔን ነው?"

"እርስዎን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። በረዶው ሳይዝ ብፈታው ቤቱ ይጥለቀለቃል። ጎረቤት ውሃ አለ፤ እዚያ ይጨርሱ።"

ዙሃራ አፏን ያዘች። ጋሼ በእርጥብ እግራቸው ጎረቤት ሄዱ። ሲመለሱ ጀማለዲን አሮጌውን መዝጊያ ፈቶ አዲሱን እየገጠመ ነው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ጎረቤት ውሃው ይንዠቀዠቃል! ማንም አልተዘጋበትም!" አሉ ጋሼ።

ዙሃራ ጎንበስ ብላ በረዶ የለበሰውን ቧንቧ ነካ አደረገችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። "ጮኾብዎትም ይሸመግሉለታል?"

"እኔን አፍሮ ዝም ቢል፣ ይሄኔ ሶፋሽ ላይ ዋና እየተማርን ነበር።"

ሳቋን መያዝ አቃታት። "እሺ፣ እሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ..."

"ማሚ፣ እኔ እኮ የስ ካልኩ ቆየሁ!"

ከሲንኩ ሥር ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጀማለዲን በደስታ ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ገጭቶ ነው።