ይዘሃል?

ጉልምስናዬን የጨረስኩት ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ ድሮ ሰርቪስ ቤት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ሥራችን ገመድ ጫፍ ላይ ካፒኮርዳ መግጠም ነበር። ካፒኮርዳ ማለት የመኪና ባትሪ ወይም የጄኔሬተር ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው፣ በቀዳዳዋ ብሎን የሚገባባት ብረት ናት። ላስቲኩን እንልጣለን፣ መዳቡን ካፒኮርዳው ውስጥ እንከታለን፣ ፕሬሱ ይጨምቀዋል፤ ወፍራሙን ደግሞ ሌላ ማሽን በኤሌክትሪክ ይበይደዋል። ይህን ለሰው ስነግር «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለኛል። ከዚያማ ምንም የለም። ሥራው እሱ ነው።

ሦስት ነበርን። አሰሪያችን ፕሬሱን ለማንም አያስነካም፤ እግሩ ከፔዳሉ ላይ አይነሳም። እኔና እሷ ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ እንቀመጣለን። እሷ የሜክሲኮ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ ሱቅ ነበራቸው። የእኛ ድርሻ የተጨመቀውን መፈተን ነው። እኔ ካፒኮርዳውን በፒንሳ እይዛለሁ፣ እሷ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ወደ ኋላ ትስባለች። መዳቡ ሾልኮ ከወጣ አልያዘም ማለት ነው፤ ይጣላል። ታዲያ እኔ ሳላጠብቅ ከሳበች መውደቋ ነው። አንድ ቀን ወድቃለችም፣ ከነበርጩማዋ። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቀኝ አትስብም።

«ይዘሃል?»

«ይዣለሁ!»

ቀኑን ሙሉ ንግግራችን ይኸው ነው። ፕሬሱ ከኋላችን ጓ፣ ጓ ሲል ሌላ ወሬ አይሰማም። ወግ የምናወጋው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት በፈረቃ የነበረበት ዘመን ስለሆነ አገር ሁሉ ሲያማርር እኔ በሆዴ እመርቅ ነበር። ማሽኑ ጸጥ ይላል፣ አሰሪያችን እየተነጫነጨ ደጅ ይወጣል፣ እሷ ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች። የእናቷን ጎመን በአይብ ያልቀመሰ ጎመን በላሁ አይበል። «ብላ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ?» ትለኛለች። እኔ አፍሬ እበላለሁ።

እወዳት ነበር። አሁን ስጽፈው ቀላል ነው፤ ያኔ ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝምታው አይነቅዝ ይሆናል፣ ዝም ባዩ ግን ይነቅዛል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ቂርቆስ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ በእግሬ ስወርድ «ነገማ እነግራታለሁ» እላለሁ። ነገ ሲመጣ ገመድ እልጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ሳትስብ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ሲንቀሳቀስ ፕሬሱ ጓ አለ፣ «…ይዘሃል?» የምትለዋ ብቻ ደረሰችኝ። ድምጿ ከሌላው ጊዜ ቀጠን አለብኝ። እንደዚያ ቀን እንዳትወድቅ ፈርታ ነው አልኩና፣ እንድትተማመንብኝ ጮክ ብዬ «ይዣለሁ! ጥብቅ አድርጌ ነው የያዝኩት!» አልኳት። ደረቴንም ነፋ አድርጌ ነበር፣ ጅል። እሷ አንገቷን ደፋችና ሳበች። ካፒኮርዳው ይዟል።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በረንዳ ላይ ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች። ምን ሆንሽ ማለት አቃተኝ። ከወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀች፤ ተዳረች ሲባልም ሰማሁ። ያን ሰሞን እህል አልወርድልህ አለኝ። አሰሪያችን በእሷ ቦታ ሰው አልቀጠረም፤ ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ አሰረልኝ። ሞርሳው ብረቱን ነክሶ ይይዛል፣ እኔ እስባለሁ። ዓመታት ከሞርሳ ጋር ሠራሁ። አንዳንዴ ሳላስበው «ይዘሃል?» እለዋለሁ፤ አሰሪያችን ከኋላ ሆኖ ይስቅብኛል። ሚስትም አላገባሁ። ለምን ሲሉኝ ኑሮ ተወደደ እላለሁ፣ ሁሉም ያምነኛል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ሴት ልጇን በእጇ ይዛለች።

«አንተ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ፣ ምን እሆናለሁ።»

«በናትህ፣ ምንም አልተለወጥክም። እሷስ ደህና ናት?»

«ማን?»

«ማን ይለኛል ደግሞ! ያኔ ሥራ ቤት እያለን ‹ሰው ይዘሃል?› ብልህ፣ ‹ይዣለሁ፣ ጥብቅ አድርጌ ነው የያዝኩት› ያልከኝ። ኧረ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም! ማለቴ… መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ነበር የምመርጠው። ስንት ቀን ተለማምጄ እኮ ነው የጠየቅኩህ።» ሳቀች። የቆየ ነገር ስለሆነ ነው የሳቀችው።

ሰው። ፕሬሱ የዋጣት ቃል እሷ ነበረች። በሆነ ባልሆነው የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ሽንጡን ገትሮ በርቶ ነበር። «ገመዱን መስሎኝ ነው» ልላት አፌ ላይ መጣ። ልጅቷ የእናቷን እጅ እየጎተተች፣ ቀና ብላ ታየኛለች። አሁን ብነግራት ምን ታድርገው? ሸክሙን ለሁለት መካፈል ነው እንጂ አይቀልም።

«ደህና ናት» አልኩ።

«በቃ፣ ሰላም በልልኝ፣ እሺ? እንዳትረሳ!»

«እሺ።»

ታክሲው ሞላና ሄዱ። እኔ ሰልፉን ትቼ በእግሬ ወደ ቂርቆስ መጣሁ። እናቴ አድርሺ የተባለችውን ሰላምታ ሳታደርስ ቁጭ አትልም ነበር፤ ያሳደገችኝም እንደዚያው ነው። የበሩን ቁልፍ ከፈትኩ፣ መብራቱን አበራሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆምኩና፣

«ሰላም ብላሻለች» አልኳት፣ ጥብቅ አድርጌ ለያዝኳት ሴት።