ሙጫ በደረቁ አይፋቅም

ወንድሜ መርካቶ፣ ጭድ ተራ አካባቢ፣ ብርጭቆና ሰሃን ይሸጥ ነበር። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው ግን ስለ ስሙ ነው።

ብርጭቆ ከካርቶን ሲወጣ ቂጡ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሱቅ መዋል ስጀምር ወንድሜ መጀመሪያ ያስተማረኝ ያንን ማንሳት ነው። የምግብ ዘይት በጨርቅ ይቀባዋል፣ ይተወዋል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ወረቀቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላቀቃል። ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል። አንድ ቀን ቸኩዬ በምላጭ ስፍቅ እጄን ያዘኝ።

"ሙጫ በደረቁ አይፋቅም። የተጫረ መስታወት መድኃኒት የለውም።"

ቤትም እንደዚሁ ነበር። እናቴ ነጠላዋ ላይ ጧፍ ሲንጠባጠብባት የምትጠብቀው እሱን ነው። ከላይና ከታች ወረቀት አድርጎ በካውያ ይተኩሰዋል፣ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ይገባል። የእኔ ሱሪ ላይ ማስቲካ ሲጣበቅ ደግሞ በበረዶ ያደርቀውና ያነሳዋል።

ሱቁ የእሱና የጓደኛው ነበር። ጓደኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ቤታችን በልቶ ያደገ ነው። እናቴ "ሁለተኛው ልጄ" ትለዋለች፣ እኔ ሦስተኛ ሆኜ ማለት ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የሱቁ የፊት መስታወት ላይ በቀይ ተለጣፊ ፊደል የወንድሜ ስም፣ ቀጥሎ "እና ጓደኛው" ይል ነበር።

"እኔ ስም የለኝም እንዴ?" ይላል ጓደኛው።

"አንተማ ተቀጥላ ነህ!" ይለዋል ወንድሜ። ይስቃሉ።

ወንድሜ ታሞ በሦስት ሳምንት ሞተ። ስለዚያ መጻፍ... አልቻልኩም። ይቅር።

አርባው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ጠራኝ።

"መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠርዙ ተነስቷል፣ አቧራ ይዟል። ለአርባው እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል። ሙጫ ማንሳት የምታውቀው አንተ ነህ። አንሳውና በወርቃማ እናስጽፈዋለን።"

"ስሙን?"

"ታዲያ የማንን?"

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዘይት ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ የእያንዳንዱን ፊደል ጫፍ ይዤ ሳብኩ። ከጎናችን ፕላስቲክ የሚሸጡት እትዬ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"እያጸዳሁ ነው፣ እትዬ። በአዲስ ሊጻፍ ነው።"

"አርባው ሳይወጣ? በገዛ እጅህ?"

"ጋሼ ነው ያለኝ። በወርቃማ ነው የሚጻፈው።"

ከንፈራቸውን መጠው ገቡ። ተናደድኩባቸው። ምቀኛ መሰሉኝ።

ስጨርስ መስታወቱ ላይ ምንም አልቀረም። ጣቴን ባሳልፍበት አይዝም። ወንድሜ ቢያየኝ ብዬ ኮራሁ። ዛሬም የሚያመኝ ያ መኩራቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስመጣ ወርቃማው ተለጥፏል። የጋሼ ስም ነው። ቀጥሎ "እና ልጆቹ" ይላል። ትልቁ ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሹ ገና ይድሃል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው የወጣው። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አይገባህም።"

"በወርቃማ እናስጽፈዋለን ብለኸኝ..."

"አስጻፍን አይደል?" አለና ወደ ገዢ ዞረ።

አርባው ዕለት ቤታችን ሰው እየበላ አንድ ዘመዳችን ስለ ሱቁ ስም ጠየቀው። ጋሼ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

"እኔ አልነካሁትም። በእጁ ያነሳው ወንድሙ ነው። እኔማ አያስችለኝም ነበር።"

እናቴ ዞራ አየችኝ።

"አንተ ነህ?"

ዘይቱን፣ ወርቃማውን፣ "ታዲያ የማንን" ያለኝን ልነግራት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

"አዎ" አልኩ።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። ግን ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ልትመልሰው አትችልም።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ረግጬው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። ለበዓል የለጠፈው ማስታወቂያ ሲነሳ ሙጫው መስታወቱን ሞልቶት ቀርቷል። ሰላምታውን አስረዘመው፣ የእናቴን ጤና ጠየቀ።

"እኔ የምልህ፣ ያንን ሙጫ በምን ነበር የምታነሱት? በቤንዚን ነው?"

ከኋላው ተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!" ሲሉ ይሰማኛል።

"በደረቁ ነው" አልኩት። "በምላጭ። ጠንከር አድርገህ ፋቀው።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። መስታወቱን ሄጄ አላየሁትም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ያን ቀን በምላጭ ስፍቅ እጄን የያዘኝን ሰው አስታወስኩ። አሁን የሚይዘኝ አልነበረም።