ፍሪሲዮን ስረግጥ የምዘምራት መዝሙር

አሮጌ መኪና ሸጣችሁ የምታውቁ አትፈርዱብኝም። የእኔዋ ፒካፕ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ኩሽኔታው እንደ ወፍጮ ያንቋርራል፤ እግሬን ሳነሳ ጸጥ ይላል። እሱን ለማስቀየር ካምቢዮ ማስወረድ ሊኖርብኝ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ብሸጣት ይሻላል አልኩ። ሦስት ገዢ ግን ጩኸቱን ሰምቶ ሸሸኝ።

አራተኛው ከማጂ የመጡ አዛውንት ናቸው። የቸርች ሽማግሌ መሆናቸውን ስሰማ አንድ መላ መጣልኝ። ለሙከራ አሳፍሬያቸው ከሚዛን ወደ አማን እየነዳሁ፣ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን ስረግጥ ከልጅነቴ የቀረችኝን ብቸኛ መዝሙር ድምፄን ከፍ አድርጌ እለቃታለሁ።

"ሃሌ ሉያ!" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። ጭራሽ ማጨብጨብ ጀመሩ። በሆዴ "ተሸጠች!" አልኩ። ባጃጁ ሁሉ ፊቴ እየተደነቀረ ማርሽ ሲያስቀያይረኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ዘመርኩ።

አማን ደርሰን ሞተር አጠፋሁ።

"እህ ጋሼ፣ እንዴት አገኟት?"

ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡ።

"ድምፅህ ግሩም ነው የኔ ልጅ፤ ጌታ ይባርክህ። እስቲ ስንመለስ ደግሞ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ዘምርልኝ።"