የጉርሙ ሰባተኛ ገጽ

ኦቦ ጉርሙ በእኛ መሥሪያ ቤት የታይፕም የማባዣም ሠራተኛ ነበር። ዘመኑ የመንደር ምሥረታው፣ 1978 ዓ.ም. ነው። ማኅተማችን «ሀገረ ሕይወት» ይላል፣ እኛ አምቦ እንላለን። ጉርሙ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ፋይል ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይመታል፣ ይባዛል፣ ይሰፋል። አንዴ የባልደረባችንን የብርቅነሽን የሹራብ ልክ ዘጠና ቅጂ አባዝቶ ሪፖርት መሃል ሰፋው። ስንስቅበት «እኔ ምን አገባኝ! ፋይል የሚሰጠኝ ሰው ፋይሉን ይወቅ» ብሎ አፋችንን አስያዘን።

የመንደር ምሥረታውን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ሞኙ ደግሞ ካልጻፍኩ ማሰብ አልችልም። በአሮጌ ቅጽ ጀርባ ራሴን እጠይቃለሁ፣ ራሴው እመልሳለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እቀደዋለሁ። ያን ዓርብ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦ «ሪፖርቱ 312 ቤት ተሠርቷል ይላል። አንተ ስንት ቆጠርክ? 94። ሌላውስ? እንጨት ብቻ ቆሟል። አለቃው ያውቃል? አሳምሮ። ውሸቱ ሲወጣ በማን ላይ ይላከካል?» የመጨረሻውን ሳልመልስ ፋይሉን ለጉርሙ ሰጥቼ ለምሳ ወጣሁ።

ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ የለም። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ ኪሴን ፈተሽኩ፣ ቅርጫቱን መሬት ላይ ደፋሁት። እግዚኦ! ፋይሉ ውስጥ ነው! ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ የተገኘ ሰው ይታሰራል፤ የታሰረ ሁሉ ደግሞ አይፈታም። ሚስቴ ድንቅቱ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ወደ ማባዣው ክፍል ሮጥኩ። ማሽኑ ቆሟል። ጉርሙ እጁን በላምባ እያጸዳ ነው።

«ሪፖርቱስ?»

«ጓድ ወሰኑ ጋ ገብቷል፣ ለፊርማ።»

«ሁሉንም መታኸው?»

«ፋይል ውስጥ የተገኘውን ሁሉ» አለ፣ ቀና ሳይል።

አበቃልኝ! ወዲያው ሁለታችንም ተጠራን። ጓድ ወሰኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሪፖርቱን ገልጦ ይዟል። ገጾቹን ከቆምኩበት ለማንበብ አንገቴን ሰገግኩ። ጠላቴ እንዲያ ይርበድበድ።

«ከገጽ ስድስት ወደ ስምንት ይዘላል። ሰባት የት ገባ?»

ዓይኔ ጉርሙ ላይ ቀረ። ያኔ ነው የገባኝ። እንደ ልማዱ ሳያነብ መትቶታል፤ ማባዣው የመጀመሪያዋን ቅጂ ሲያወጣለት ግን አነበባትና ገጽ ሰባት የሆነውን ወረቀቴን ከሪፖርቱ አወጣው። ያ ሰው አነበበ! የቀሪዎቹን ገጾች ቁጥር ለማስተካከል ሌላ ስቴንስል፣ ለማባዣ የሚመታበት የሰም ወረቀት፣ ያስፈልገዋል፤ ስቴንስል ደግሞ የሚሰጠው ጓድ ወሰኑ ሲፈርም ነው።

«ስቴንስሉ ተቀደደብኝ፣ ጓድ» አለ ጉርሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የእጅ ጽሑፉስ?»

«ቀለም ፈሰሰበት። ጣልኩት።»

«ይሄ አሻጥር ነው!» ጓድ ወሰኑ ጠረጴዛውን ደለቀውና ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ጓድ ተሻለ፣ ገጽ ሰባት ላይ ምን ነበር?»

«ሠንጠረዥ» አልኩ። ጉርሙን በአንዲት ቃል እንኳ አላገዝኩትም፤ እፍረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ያዙት። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለና «ኦቦ ተሻለ፣ ኮቴ ማባዣው ክፍል ተሰቅሏል። ለባየሽ አድርስልኝ» አለኝ። ባየሽ ሚስቱ ናት።

ኮቱን ሳወርድ ኪሱን ዳበስኩ። ወረቀቴ አራት ቦታ ታጥፎ እዚያ ነበር፣ ስቴንስሉና ያቺ አንዷ ቅጂም አብረው ተጠቅልለው። የመጨረሻው ጥያቄ ሥር አሁንም ባዶ ነው። ሁሉቃ ድልድይ ላይ ስደርስ ሁሉንም ቀዳድጄ ወንዙ ውስጥ በተንኳቸው። ተረፍኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ባየሽ በሩን ከፈተችልኝ። ክንዴ ላይ ያለውን አየች፣ ከኋላዬ ወደ መንገዱ አየች።

«ኮቱ መጣ» አለች። «ጉርሙስ?»