መኪና የማይገባበት ጋራዥ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መኪናውን ጋራዤ ውስጥ ያስገባው የባለቤቴ የለቅሶ ድንኳን ሳይነሳ ነው። «ባዶ ጋራዥ ሌባ ይጠራል» አለኝ። ሌባ እንኳ ቢመጣ የሚወስደውን ወስዶ ይሄዳል፤ እሱ ግን ቁልፍ አስቀርጾ ቀረ።

እውነቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱ ከእኔ ማዶ ነው። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ደጁ ላይ ባለው ዛፍ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያድራሉ፤ ነጭ መኪናው ላይ የሚያወርዱትን እዚህ አልጽፈውም። ስለ እሱ ያላቸው አስተያየት ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነታችን እነሱ መግለጻቸው ነው።

ድሮ መኪና መንዳት ልማር ስል ባለቤቴን «ዶሮ ትገድልብሃለች» ብሎ ያስቀረኝም ይኸው ሰው ነው። አሁን ደግሞ የመኪናው ዘይት ወለሌ ላይ ይንጠባጠባል፤ የማጸዳው እኔ ነኝ። ጋራዡን ለራሴ ፈለግሁት። ለምን እንደሆነ ለእሱ አልተናገርኩም፤ ለእናንተም አልናገርም።

ቅዳሜና እሁድ መኪናውን ይዞ ለሰርግ ቱላ ሲሄድ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ገዝቼ በባጃጅ አስመጣሁ። ሻጩ «ማን ያነጥፍልዎታል፣ እማማ?» አለኝ። «እኔ» ስለው ሳቀ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሳቁን ግን ይዤበታለሁ።

ሰጋቱራ በትኜ ዘይቱን አስመጠጥኩ፤ ሲሚንቶውን በዱቄት ሳሙና ፈተግሁ። ሲደርቅ ጉልበቴ ስር ትራስ አድርጌ ከጀርባው ግድግዳ ጀመርኩ። ሥራው የአንዱን ጥርስ በሌላው ቀዳዳ ላይ አድርጎ መምታት ነው። መዶሻ እንዳይሰነጥቀው ዘነዘናዬን በጨርቅ ጠቀለልኩ። እያንዳንዱን ስመታ እሱ ያለኝን አንድ ነገር አስብ ነበር። ወለሉ በጣም ጠንካራ ሆነ። ጠርዝ ጠርዙን በመጋዝ ቆርጬ እስከ በሩ አፍ ድረስ አደረስኩት።

እሁድ ወደ ማታ ላይ፣ በጓዳው በኩል ባለው በር ገብቼ ወለሌን ሳይ፣ የመኪናው ጥሩምባ ከደጅ ተሰማ። ቁልፉን ከፈተ፤ በሩን ገፋ። በሩ አልነቃነቅ አለ።

«አንቺ! ከውስጥ ቀርቅረሽዋል እንዴ?»

«ኧረ አልቀረቀርኩም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያዘው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ንጣፉ ደግሞ ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሏል። ሳልለካ አንጥፌዋለሁ። ለአፍታ አፈርኩ። ከዚያ ማፈሬን ተውኩ።

«ወለሉ ነው» አልኩት።

«የምን ወለል?»

«አዲስ አንጥፌ ነው።»

«ወለል በር ይዘጋል?»

«ይኸው ዘጋ እኮ።»

«በይ አንሺው!»

«እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ሻጩ ዕድሜ ልክ ነው ብሎኛል።»

«ባለሙያ አመጣለሁ!»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

በመንገዱ የሚያልፍ ጎረቤት «ጋሼ፣ በጣራ ቢሞክሩስ?» ሲለው ሰማሁ። ደግ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ወድጄው አላውቅም።

«ወንድሜ ቢኖር ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«ቢኖርማ የሚገባው የእሱ መኪና ነበር።»

በሩን እንደገና ገፋው። ከዚያ «እንግዲያው ይህ ቁልፍ ምን ይሠራልኛል!» ብሎ ከበሩ በላይ ባለው ፍርግርግ ወደ ውስጥ ወረወረው። ንጣፉ ላይ ወደቀ። ቁልፉን አንስቼ የወደቀበትን አየሁ፤ ጭረት እንኳ የለውም። ጥሩ ዕቃ ነው።

የመኪናው ሞተር ማዶ ሲጠፋ የፊተኛውን ረድፍ በማንኪያ እጀታ ፈነቀልኩ። ያለ ምንም ችግር ተነሳ። በሩን በጥቂቱ ከፍቼ ወጣ አልኩ። መኪናው ዛፉ ስር ቆሟል፤ አባ ኮዳዎቹ ከሐይቁ ተመልሰው ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነው።

ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ረድፉን መልሼ በዘነዘና መታሁት።