ልጄን ከጾም የፈታት ስልክ

በማርያም ማኅበራችን ስንቀመጥ ስለ ልጆቿ ስልክ የማታማርር እናት የለችም። ስለዚህ ባለፈው ሁዳዴ ከብልባላ ላሊበላ የሄድኩበትን ጉዳይ ልጻፍላችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ብሳሳት አርሙኝ።

ልጄ ትዕግስት ላሊበላ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ከፋሲካ በኋላ በቁርባን ልታገባ ቀን ቆርጠናል። በስልክ ስናወራ፣ “እማ፣ ጨጓራዬን ታምሜ ጾሙን ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እበላለሁ፤ ወተትም እጠጣለሁ” አለችኝ።

“በማን ፈቃድ?”

“ስልኬን ጠይቄ።”

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ጽፈው ሲጠይቁት ጽፎ የሚመልስ ነገር አለ። እሱ ነው የታመመ ሰው መጾም የለበትም ያላት። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ቢታመምም ጾሙን የሚተወው የንስሐ አባቱ ሲፈቅዱለት ነው። ሳይፈቀድላት የገደፈች ልጅ እንዴት ትቆርባለች? ቁርባኑ ከቀረ ሠርጉስ? አንዴ ለሆዷ፣ አንዴ ለነፍሷ ስጨነቅ ቆየሁና ልሄድ ቆረጥኩ።

መንገድ ላይ

ጎህ ሲቀድ በሶና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዤ ወጣሁ። ያገኘሁትን ሁሉ “መንገዱ ሰላም ነው?” እያልኩ እጠይቃለሁ። ሰላም ነው ይሉኛል፤ እኔም ቀጣዩን ሰው እጠይቃለሁ። በኋላ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ጋቢናው ላይ ቦታ ተገኘልኝ። ሾፌሩ አያ ሰይድ ይባላሉ፣ የመርሳ ሰው ናቸው። አቧራው መስኮቱን ቢዘጉትም ይገባል። ከዳገቱ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፤ ከታች ገብሱ የታጨደበት መሬት ገርጥቶ ይታያል።

አያ ሰይድ ምን እንዳስጨነቀኝ ጠይቀው ነገርኳቸው።

“ወላሂ፣ ስልክ ነው እኮ የጠየቀችው፤ ጠንቋይ ቤት አልሄደች!”

“የጠንቋዩ እንኳ ፊቱ ይታያል፣ አያ ሰይድ።”

መሪውን ይዘው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። “እኔንም ስልኩ ለስኳር በሽታዬ እንጀራ ቀንስ ብሎኛል።”

“ቀነሱ?”

“ሆድ የሌለው ነገር ቀንስ ማለት መች ይከብደዋል!”

እሳቸው ሲስቁ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ኩርባ ሲመጣ ሳቄን ትቼ ጸሎት ያዝኩ።

ላሊበላ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ዳገቱን ወጥቼ ሆቴሉ በር ላይ ደረስኩ። ትዕግስት ሮጣ ወጣች። ከስታለች፤ ፊቷ ግን እንደፈራሁት አልጠቆረም። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት አሳየችኝ፤ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው።

“ስልኩን አምጪው፣ ጠበል ልርጨው” ብዬ ጠርሙሱን ከፈትኩ።

“እማ! ውኃ እኮ ያበላሸዋል!”

“ይበላሻ!”

ስልኩን ከኋላዋ ደበቀችው። “የንስሐ አባታችንን መምሬ ካሳን ለምን አልጠየቅሽም?” ስላት አንገቷን ደፋች። “ያኔ መታመሜን ላንቺ ይነግሩብኛል ብዬ። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ብቻ ጠጪ ትይኛለሽ።”

ጠርሙሱን መልሼ ከደንኩትና ወደ መምሬ ይዣት ወጣሁ።

መምሬ ዘንድ

የሁዳዴ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት ነው። እዚሁ ላሊበላ የሚያገለግሉት መምሬ ካሳ ከቅዳሴ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራው ሥር አረፍ ሲሉ ቀረብን።

“አባቴ ይፍቱኝ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ፊትሽ ደህና አይደለም?”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ወደ ትዕግስት ዞሩ። “እስቲ ስልኩ ያለሽን አንብቢልኝ።”

አነበበችና መሐል ላይ ቆመች።

“እስከ መጨረሻው።”

ድምፅዋ አነሰ። “‘ሆኖም ከመወሰንሽ በፊት ሐኪምሽንና የንስሐ አባትሽን አማክሪ’ ይላል።”

መምሬ ሳቃቸው ከወይራው ወፍ አስነሳ። “ኧረ ይኸስ ካንቺ ይሻላል! እሱ ወደ እኔ ልኮሽ ነበር፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።”

“ታዲያ መምሬ፣ ኃጢአት አይደለም?” አልኩ።

“መጠየቁ ምን ኃጢአት አለው? እዚህ አስጎብኚው ሁሉ ሲጠይቀው ይውላል። ጾም መፍታት ግን ሌላ ነው። እኔ ስፈታላት ሸክሟን አንስቼ ሜዳ ላይ አልጥለውም፤ እኔ እሸከመዋለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመውን እስከ ማታ አደርግላታለሁ። ስልኩ ይራብላታል?” ከዚያ ትዕግስትን፣ “ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሎሻል?” አሏት።

“አላለም፣ አባ።”

“እንግዲያስ ወተቱን ተይው። ጠዋት አጥሚት ጠጥተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ።”

“ቁርባኑስ?” አልኩ።

“ማን ከለከላት? ዛሬውኑ ንስሐዋን ትቀበልና ትዘጋጅ። አንቺ ደግሞ ጭንቀቱን ለእግዚአብሔር ተይና ስግደቷን ያዢላት።”

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትዕግስት የደነገጥኩ መስሏት ልትደግፈኝ መጣች፤ እኔ ግን እያለቀስኩ እየሳቅሁ ነበር።

መልስ

በማግስቱ ትዕግስት አጥሚቷን ስትጠጣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አየኋት። በሁዳዴ ጠዋት ሰው ሲበላ አይቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። መድኃኒቷን ስትውጥ ጠበሉን አቀረብኩላት፤ በእሱ ዋጠችው። ስልኳንም አልነካሁባት።

ስመለስ አንድም ሰው ስለ መንገዱ ሰላም ሳልጠይቅ ብልባላ ገባሁ።

እናንተ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ስልኩን ቢጠይቁ አትደንግጡ። ይልቅ ሳይፈሩን ወደ እኛና ወደ ንስሐ አባታቸው የሚመጡበትን በር አንዝጋባቸው። እኔ የፈራሁት ስልኩን ነበር፤ ልጄ ግን የፈራችው እኔን ኖሯል።

ከላሊበላ በተመለስኩ ማግስት ጠዋት ነጠላዬን አገልድሜ ስግደቴን ጨረስኩ። ነጠላዬን ገና ሳልፈታ ትዕግስት ደወለች።

“እማ፣ በላሁ” አለችኝ።

“እኔም ሰገድኩልሽ” አልኳት።