ከደጅ ቆሜ ያናዘዝሁት ሰው

መጀመሪያ የያዘኝ ወገቤን ነበር። ውኃው በሸሸበት ማሳ ላይ ጓያ ስዘራ ወገቤ የተቆረጠ ያህል ተሰማኝ። ድካም ነው ብዬ ቀጠልሁ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት በረደኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ያኔ ምን እንደያዘኝ አወቅሁ። ንዳድ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ወባ የሚለው።

በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አጥቢያ ቄስ ነበርሁ። በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሬሳ ይወጣ ጀመር። በትንፋሽ የሚጋባ መስሎን ሕመምተኛ ያለበትን ቤት እንሸሽ ነበር። ባለቤቴን ከልጆቹ ጋር ወደ ደጋ፣ ወደ አባቷ አገር ላክኋት። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይዘጋ ቀረሁ። ሰው ስለዚህ ደፋር አለኝ። አልነበርሁም።

ከመታመሜ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ የንስሐ ልጄ አለሙ በዚሁ ንዳድ ተይዞ አስጠራኝ። ሄድሁ፤ ግን አልገባሁም። ደጁ ላይ ቆሜ ጸሎት አደረስሁ። «ኃጢአትህን በልብህ ተናገር፣ እግዚአብሔር ይሰማሃል» ብዬ ጮኼ ነገርሁት። በመስቀሌ ወደ ቤቱ አማትቤ ተመለስሁ። ሚስቱ የሻረግ በራፉ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አለሙ በዚያው ቀን ዐረፈ።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ነገር ተምታታብኝ። አለሙ ቤት ያለሁ መሰለኝ። የታመመው እሱ ነው ወይስ እኔ? ከውጭ የሚጮኸውስ ማን ነው? ድምፁ የእኔ ነው። ታዲያ የተኛው ማን ነው? «ይግቡ፣ አባቴ» እላለሁ። ማንም አይገባም። ጸሎት እጀምራለሁ። ቃሉ ይጠፋኛል።

ከዚያ ሴት አየሁ። እናቴ መሰለችኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አደረገች። ውኃ በጣቷ አፌ ውስጥ ጠብ አደረገችልኝ።

የሻረግ ነበረች።

ጎረቤት «አትግቢ፣ ልጆችሽን ትጨርሻለሽ» ብሏት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። በማግስቱ በእግሯ ወረታ ሄዳ ከክሊኒክ ድሬሰሩን፣ ያን ጊዜ ለእኛ ሐኪም ማለት እሱ ነበር፣ በበቅሎ ይዛው መጣች።

«መምሬ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ።

«አለሙ» አልሁት።

የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን የነገረኝ ድሬሰሩ ነው፤ እኔ አላስታውሰውም። «ወባው ወደ አንጎል ወጥቷል» ብሎ ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በመርፌ ወጋኝ። መዋጥ ስችል ክሎሮኪን የሚባለውን ኪኒን ሰጠኝ። ምሬቱ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ልቡናዬ ሲመለስ ድሬሰሩ፣ «በትንፋሽ አይጋባም፤ የምታመጣው ትንኝ ናት» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። እየተደገፍሁ ፀሐይ መሞቅ በጀመርሁባቸው ሳምንታት፣ እግሬ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ ጆሮዬ ከመድኃኒቱ የተነሣ እየጮኸ፣ ያንኑ ነገር ሳወጣ ሳወርድ እውል ነበር፤ አለሙ ቤት ብገባ ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር፣ ያልገባሁትም እንዳልታመም ነበር፣ ሳልገባም ታመምሁ። ሕሙማንን ጠይቁ እያልሁ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት አምን ነበር ወይስ ቃሉን ብቻ አውቀው ነበር?

አንድ ቀን አጥሚት ይዛልኝ ስትመጣ የሻረግን ጠየቅኋት። «እንደሚጋባ እያመንሽ እንዴት ገባሽ?»

«መፍራቱንማ ፈርቻለሁ፣ መምሬ።» አለችኝ። «ግን አለሙ "ገቡ ወይ?" እያለ ነው የሞተው። እርስዎም እንደዚያ እንዲሞቱ ልቤ አልፈቀደም።»

ተንበርክኬ ይቅር በዪኝ አልኋት። «እግዚአብሔር ይፍታዎ፤ እኔ ምን ብዬ» ብላ ጽዋውን አንሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቄስ የነፍስ አባት ያዘች። ስንገናኝ መስቀሌን ትሳለማለች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ተስቦ ገባ። ድሬሰሩ «ይህ ደግሞ በቅማል ይተላለፋል፣ ይጠንቀቁ» አለኝ። አንዲት ባልቴት ታመው አስጠሩኝ። ይህ በእርግጥ የሚጋባ ነበር። በራፋቸው ላይ ቆሜ ጸለይሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። እንደ ፈራሁ ገባሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ በጆሮዬ እየሰማሁ አናዘዝኋቸው፤ እጃቸው እሳት ነበር። ስወጣ ድሬሰሩ እንዳዘዘኝ ልብሴን በፈላ ውኃ ቀቀልሁት። ሴትዮዋ ዳኑ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ድሬሰሩን፣ ከእሱም በላይ የሻረግን አመሰግናለሁ። ብርድና ትኩሳት የሚፈራረቅባችሁ ሰዎች፣ ውላችሁ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሻል አለኝ ብላችሁም ኪኒኑን አታቋርጡ። የታመመ ሰው ቢዘባርቅ አትሣቁበት፤ እውነት የሚናገርበት ጊዜ አለ። አስታማሚዎች፣ ሐኪሙ ተጠንቀቁ ያላችሁን ተጠንቀቁ። ከዚያ ግቡና በሽተኛውን በስሙ ጥሩት፤ እጁን ያዙት። ፍርሃታችሁ አብሯችሁ ቢገባም ግድ የለም።